የጥዱ አረንጓዴና የባሕር ዛፉ አረንጓዴ፦ ፎቶ ኤዲት ማድረግን በጉለሌ መጀመር

ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ኤዲት የሚለምደው በመነካካት ነው። ስልኩ ላይ አንድ አፕ ይጭናል፤ ፎቶውን ይከፍታል፤ ከሥር የተደረደሩትን ስላይደሮች ወዲያና ወዲህ እየገፋ ዓይኑን ደስ ያለው ቦታ ላይ ያቆማል። በዚህ መንገድ የተሠራ ፎቶ ለጊዜው ያምራል። በሳምንቱ ሲያዩት ግን ሣሩ ቀለም የተቀባ፣ ሰማዩ የከበደ፣ የሰው ፊት ደግሞ የተለሰነ ይመስላል። ባለቤቱም የቱ ጋ እንዳበላሸው ለይቶ መናገር አይችልም፤ መጀመሪያውኑ ምን እያስተካከለ እንደነበር አያውቅማ።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ስላይደር የተሠራው ካሜራ ለሚሳሳተው አንድ የታወቀ ስህተት ነው። መጀመሪያ ስህተቱን መለየት፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ መረዳት፣ እጅን መዘርጋት ከዚህ በኋላ ነው። ለዚህ ትምህርት በአዲስ አበባ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጀማሪን የሚያስቸግረው ብርሃንም ቀለምም እዚያ ሞልቷል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ተመልሶ ማየት መቻሉ ነው። የሠርግ ዕለት ብርሃን አንዴ አልፏል፤ ጥዱ ግን ነገም እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ የሠራችሁት አረንጓዴ እውነተኛ መሆኑን ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ማዕከሉ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ሥር፣ 700 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። ያቋቋሙት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በጋራ ሲሆኑ፣ ከምሥረታው ጀምሮ ስማቸው አብሮ የሚነሳው የእጽዋት ሳይንስ ሊቁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ የሀበሻ ጥድ አለ፤ ወይራ አለ፤ ኮሶ አለ፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የእንጦጦን ዳገቶች የሸፈነው ባሕር ዛፍም አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ፎቶ አንሺ ይህን ቁጥር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በጉለሌ ካሜራ የሚሳሳተው አብዛኛው ነገር ከዚሁ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነውና።

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል። ብርሃንን የሚበትነውና የሚያለዝበው አየር ስላነሰ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ በጣም ይበራል፤ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ጥላው ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጥላ ውስጥ ያለን ቅጠል የሚያበራው ፀሐይዋ ሳትሆን ሰማዩ ነው፤ የደጋ ሰማይ ደግሞ እጅግ ሰማያዊ ነው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። የውጭ አገር መጻሕፍት “ወርቃማው ሰዓት” የሚሉት ለስላሳ የጠዋት ብርሃን እኛ ዘንድ ሰዓትም አይሞላ። ፀሐይ ከአድማስ ወጥታ ብርሃኗ እስኪከር ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚኖራችሁ። የግቢው በር ሲከፈት እንኳ ያ ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በጉለሌ የሚነሳ የጀማሪ ፎቶ አንድ የተለመደ መልክ አለው። በረጃጅም ጥዶች መካከል የሚያልፈው መንገድ ላይ ቆማችሁ ታነሳላችሁ። ዓይናችሁ የግንዱን ልጣጭ፣ የወደቀውን ቅጠል፣ በቅርንጫፎች መካከል የሚታየውን ሰማይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያል። ፎቶው ላይ ግን ወይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ ወይ ግንዱ ከሰል ሆኗል። ክፍት ሜዳ ላይ ያለው ብርሃን በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ካለው 30 ወይም 50 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ዓይናችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ራሱን ያስተካክላል። ካሜራ ግን ለመላው ምስል አንድ ልኬት ብቻ ነው የሚመርጠው።

የመጀመሪያው የኤዲት ትምህርት ከዚህ ይነሳል፤ የሚጀምረውም ገና ሳታነሱ ነው። የነጣና የጠቆረ ቦታ እኩል አይደሉም። በጣም ብዙ ብርሃን የደረሰው ፒክስል ጫፍ ነክቶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ደመና ይሁን ሰማያዊ ሰማይ ወይም የቀጋ አበባ ቅጠል ምንም መረጃ የለውም። ኤዲት ላይ ብታጠቁሩት ግራጫ ይሆናል እንጂ ደመናው አይመለስም። የጠቆረው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ የተሸሸገ ነገር አለው፤ ስታበሩት ይወጣል፤ ዋጋው አሸዋ አሸዋ የሚል ነቁጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ስታነሱ ፎቶው ትንሽ ጠቆር እንዲል አድርጉ። ስልክ ላይ ሰማዩን ወይም ነጩን አበባ በጣት ነክታችሁ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳቡ፤ ካሜራ ላይ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን ወደ ቅናሽ አውርዱ። ቤት ስትደርሱ የጠቆረውን ቦታ የሚያበራውን ሻዶው የሚባል ስላይደር ከፍ ታደርጋላችሁ።

ይህን ሥራ በዓይን ብቻ መምራት አይቻልም፤ የስልክ ገጽ ደጅ ላይ ጠቁሮ፣ ሌሊት ክፍል ውስጥ ደምቆ ይታያል። የሚታመነው ሂስቶግራም ነው። የተራራ ቅርጽ ያለው ይህ ሥዕል ከግራ ጥቁሩን፣ ከቀኝ ነጩን ያሳያል፤ ቁመቱ ደግሞ በዚያ ብርሃን ላይ ስንት ፒክስል እንዳለ ይነግራል። ተራራው የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ የነጣ ቦታ አለ ማለት ነው። ኤዲት ስታደርጉም ሃይላይትና ዋይት የሚባሉትን ስላይደሮች እያንቀሳቀሳችሁ ተራራው ከግድግዳው ሲላቀቅ ተመልከቱ። ካልተላቀቀ መረጃው ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ አትድከሙ።

እዚህ ላይ ስለ ፋይል ዓይነት መናገር ግድ ይላል። ስልካችሁ በተለምዶ የሚያስቀምጠው ጄፔግ እያንዳንዱን ቀለም በ256 ደረጃ ብቻ የሚመዘግብ፣ ካሜራው ራሱ ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ሚዛኑን)፣ ኮንትራስቱንና ጥራቱን ወስኖ የጨረሰው ፋይል ነው። ሮው የሚባለው ደግሞ ካሜራው ያየውን ሳይወስንበት ያቆየዋል፤ ባለ 12 ቢት ሮው 4,096፣ ባለ 14 ቢት ደግሞ 16,384 ደረጃ አለው። ሮው ሊጥ፣ ጄፔግ እንጀራ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ምጣድ ላይ የዋለውን ማቅጠንም ማወፈርም አይቻልም። ጥላውን በጄፔግ ላይ አብዝታችሁ ስታበሩ ሰማዩ ላይ የሚታየው ደረጃ ደረጃ መስመር ከዚሁ የመጣ ነው። በርካታ ስልኮች በፕሮ ሞድ ሮው ያነሳሉ። ቦታ ይበላል፤ ሁሉን ፎቶ በሮው ማንሳትም አያስፈልግም። ጥድና ሰማይ አብረው ያሉበትን አስቸጋሪ ፎቶ ግን በሮው አንሱት። ኤችዲአር የሚባለው የስልክ ዘዴ ብዙ ፍሬም በፍጥነት አንስቶ ማዋሃድ ስለሆነ ጸጥ ባለ አየር ላይ ይረዳል፤ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያወዛውዝ ግን ቅጠሎቹ ተደራርበው ጥላ ያወጣሉ። ያን ጥላ ኤዲት አያጠፋውም።

ወደ ቀለም እንሂድ፤ ጉለሌን የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ካሜራ ነጭን ነጭ አድርጎ ለማየት ብርሃኑ ራሱ ምን ቀለም እንዳለው መገመት አለበት። የቀትር ፀሐይ በኬልቪን መለኪያ 5,500 አካባቢ ነው፤ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ 7,000ና 8,000 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል ማለት ነው። አውቶ ዋይት ባላንስ የሚሠራው በግምት ነው፤ የምስሉ አማካይ ቀለም ወደ ግራጫ የቀረበ ይሆናል ብሎ ይነሳል። በከተማ መንገድ ላይ ይህ ግምት ብዙ አያሳስትም። ፍሬሙን በሙሉ ጥድ ሲሞላው ግን ካሜራው “ይህ ሁሉ አረንጓዴ የብርሃኑ ጥፋት ነው” ብሎ ይደመድማል፤ አረንጓዴውን ለማጥፋትም ሮዝማ ወይንጠጅ ይጨምርበታል። ውጤቱ የደከመ፣ ቡናማ የመሰለ ደን ነው። ጀማሪው ያንን ያይና ሳቹሬሽኑን (የቀለም ድምቀቱን) ወደ ላይ ይገፋል። የታመመውን ቀለም አደመቀው እንጂ አላዳነውም። መፍትሔው ዋይት ባላንስ ውስጥ ነው፤ ቲንት የሚለውን ስላይደር ከሮዙ ትንሽ ወደ አረንጓዴው መልሱት፤ ሰማያዊ ጥላ ካለ ደግሞ ቴምፐሬቸሩን ወደ ቢጫ ትንሽ ሳቡት። ሳቹሬሽን ሳትነኩ ደኑ ሲነሳ ታያላችሁ።

ሁሉን ጥላ ግን አታሙቁት። የደጋ ጥላ በእውነትም ሰማያዊ ነው፤ ብርዱም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በጠዋት ጥድ ሥር የቆመ ሰው የሚሰማውን ቅዝቃዜ ፎቶው እንዲያስታውስ ከፈለጋችሁ ግማሹን ሰማያዊ ተዉለት።

ከዚያ አረንጓዴውን መለየት ይመጣል። ጉለሌ ውስጥ አንድ አረንጓዴ የለም። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰም የመሰለ ነገር ስለተቀባ ሰማያዊና ብርማ ነው፤ ያደገው ቅጠል ደግሞ ማጭድ መስሎ ይረዝማል፣ ይጠቁራል። የወይራ ቅጠል ከላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሥሩ ሲገለበጥ ወደ ወርቅማ ቡናማ ያደላል፤ ነፋስ ሲመታው ዛፉ ሁለት ቀለም የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጥዱ ደብዛዛና ድርቅ ያለ ነው። በክረምት የሚበቅለው ሣር ቢጫ ያበዛል። በጥድ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት ካገኛችሁ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ ለመወሰን ትቸገራላችሁ። ሳቹሬሽን የሚባለው ስላይደር ይህን ሁሉ በአንድ ጅራፍ የሚነዳ ነው፤ ስትገፉት ልዩነቱ ይጠፋና ሁሉም አንድ ፕላስቲክ ይሆናል። ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የኤዲት ቅንብር) የሚሸጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን በባሊ ወይም በስካንዲኔቪያ ፎቶ ላይ አስተካክለው ነው የሚያወጡት፤ እኛ ደጋ ላይ ሲጫን ወይራውን ከባሕር ዛፉ ጋር ያቀላቅለዋል።

እያንዳንዱን ቀለም ለብቻ የሚያስተካክለው መሣሪያ በአብዛኛው ኤችኤስኤል ወይም ከለር ሚክስ በሚል ስም ይገኛል። ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል፤ ቀለሙ ወዴት ያድላ፣ ምን ያህል ይድመቅ፣ ምን ያህል ይብራ። ጀማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ አረንጓዴ የሚለውን ስላይደር ይገፋና ሣሩ እንዳለ ሲቀር ይደነግጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይናችን አረንጓዴ የሚለው የሣርና የቅጠል ቀለም ካሜራው ዘንድ አብዛኛው ቢጫ ነው። ስለዚህ የሣሩን ቀለም የሚያዝዘው ቢጫው ስላይደር ነው። ለጋውን የባሕር ዛፍ ደግሞ አንዳንዴ አኳ የሚለው፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለው፣ ነው የሚነካው። አንዱን ስላይደር እስከ ጫፍ ወስዳችሁ የትኛው ዛፍ እንደሚለወጥ ካያችሁ በኋላ ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ ስጡት። ይህ መልመጃ ከብዙ የቪዲዮ ትምህርት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ስለ አፑም ስለ ዛፉም በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

በመስከረም የምትሄዱ ከሆነ አደይ አበባ ሌላ ትምህርት ይሰጣችኋል። ቢጫው በፀሐይ ላይ እጅግ ደማቅ ስለሆነ በፎቶ ሲታይ የአበባው ቅጠል ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ጠፍተው አንድ ወጥ ቢጫ ጠብታ ይሆናል። ካሜራ ቢጫን የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። አጠቃላዩ ሂስቶግራም ደህና መስሎ ሳለ ቀዩ ለብቻው የቀኙን ግድግዳ መትቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳይ ሂስቶግራም ካላችሁ እሱን እዩ። ሲያነሱ ከወትሮው ይበልጥ ማጥቆር፣ ኤዲት ላይ የቢጫውን ብርሃን መቀነስ፣ ድምቀቱንም ትንሽ ዝቅ ማድረግ መስመሮቹን ይመልሳል። ድምቀት ሲቀንስ አበባው ይበልጥ ሕያው መሆኑ ጀማሪውን ያስገርመዋል። ቫይብራንስ የሚባለው ስላይደር ከሳቹሬሽን የሚሻለውም ቀድሞ የደመቀውን ብዙም ሳይነካ የደበዘዘውን ብቻ ስለሚያነሳ ነው።

ሰው ሲገባበት ጉዳዩ ይከብዳል። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ዛፍ ሥር የቆመች ሴት ስታነሱ ካሜራው ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ነጩ ቀሚስ “አጥቁር” ይለዋል፣ ጥቁሩ ጥድ “አብራ” ይለዋል። የካሜራ መለኪያ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚነሳ ነጭ የሞላበትን ያጠቁራል፣ ጥቁር የሞላበትን ያነጣል። ፊቷ በመካከል ይጎዳል። መጀመሪያ የጥለቱ ዝርዝር እንዳይጠፋ ቀሚሱን ጠብቁ፤ ቀጥሎ ማስክ በሚባለው መሣሪያ ፊቷን ብቻ መርጣችሁ በመጠኑ አብሩ። ማስክ የመላውን ፎቶ ትቶ አንድን ቦታ ብቻ የሚነካ ነው፤ ድንበሩ ለስላሳ ይሁን፣ አለዚያ ፊቷ ዙሪያ ብርሃን የተከበበ ይመስላል።

ቅጠል አልፎ የመጣ ብርሃን አረንጓዴ ነው፤ ቆዳ ላይም ያርፋል። ከላይ ለደኑ ወደ አረንጓዴ መልሱት ያልኩት ቲንት ለፊቷ በተቃራኒው ወደ ሮዝ ሊፈልግ ይችላል፤ ለዚህም ማስኩ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ነጠላን እንደ ነጭ መለኪያ አድርጎ የዋይት ባላንስ መምረጫዋን እሱ ላይ ይነካል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ አልትራቫዮሌትን ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ማንጫ አለ፤ በደጋ ፀሐይ ሥር ደግሞ ያ ጨረር ብዙ ነው። በዚያ የታጠበ ነጠላ ላይ ስትነኩ አፑ ሰማያዊውን ለማጥፋት ፎቶውን ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ቆዳዋም ይገረጣል። ግራጫ ካርድ ማለት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ወረቀት ነው፤ ካገኛችሁ እሱን በአንድ ፎቶ ውስጥ አስይዟት፤ የተቀረውን በዚያ ለኩ።

የቆዳን ቀለም ማንጣት ግን ኤዲት አይደለም። በከተማችን በርካታ ፎቶ ቤቶች ልማድ ሆኖ ሙሽሮችን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀላ ያሉ፣ ፊታቸው እንደ ወረቀት የለሰለሰ አድርገው ያወጣሉ። የሰው ፊት የተፈጠረበት ጥቁረት፣ ጠይምነትና ቅላት ውበት ነው፤ ጀማሪው ይህን ልማድ ገና ሲጀምር እንዲተወው አጥብቄ እለምናለሁ። ለአንድ ቀን የወጣን ብጉር ማጥፋት ይቻላል። የእናትን የፊት መስመር ማጥፋት ግን እናትን ማጥፋት ነው።

ይህ ወደ ድንበሩ ጥያቄ ይወስደናል። እስከ የት ነው ማስተካከል፣ ከየት ጀምሮ ነው መዋሸት? አገራችን ይህን ጥያቄ የምታውቀው ከኮምፒውተር ቀድማ ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ በሃይማኖታቸው ላይ ከቀረበው ክስ ጋር የእስላም ጥምጥም አድርገው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዞር እንደነበር ይነገራል፤ ብዙ የታሪክ ሰዎችም ተቀናብሮ የተሠራ ነው ይላሉ። ፎቶሾፕ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በመቀስና በሙጫም አገር ይናወጥ ነበር ማለት ነው።

እኔ ድንበሩን የምለካው ለተመልካቹ በተገባው ቃል ነው። አይዳ ሙሉነህ የአዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 እ.ኤ.አ. ያስጀመረች ፎቶ አንሺ ናት፤ ሥራዎቿ ላይ የሚታዩት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ታስበው የተገነቡ ናቸው፤ ማንም ሰው መንገድ ላይ የተገኙ ናቸው ብሎ አይሳሳትም። እዚያ ቀለም የአርቲስቷ ንግግር ነው። በጉለሌ “ይህ የኮሶ ዛፍ ነው” ብላችሁ የምታሳዩት ፎቶ ግን ሌላ ቃል ገብቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋትን የመዘገበው ታላቅ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በ8 ቅጽ ሲጠናቀቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን አካቷል። ከዚህ ሥራ በስተጀርባ በወረቀት ላይ ተለጥፈው የደረቁ ናሙናዎች አሉ። ቅጠል ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፤ የአበባው ቀለም ግን ይጠፋል፤ ሰብሳቢው ቀለሙን በጽሑፍ ማስፈር ያለበትም ለዚህ ነው። የጥሩ ፎቶ ቦታ እዚህ ላይ ይታየኛል። ደረቁ ናሙና ያጣውን ቀለም ሊያቆይ ይችላል። ወይንጠጁን ሰማያዊ፣ ክሬሙን ነጭ አድርጎ ያስዋበ ሰው ይህን ዋጋ በገዛ እጁ ይጥለዋል። ብርሃኑን አስተካክሉ፣ የካሜራውን የቀለም ስህተት መልሱ፣ ክሮፕ አድርጉ፤ ያልነበረ አበባ አትጨምሩ፣ የነበረን አታጥፉ።

ሻርፕኒንግ (ጠርዝን ማጥራት) ላይ ብዙ አልቆይም። በጥቂቱ ይበቃል፤ ሲበዛ የጥዱ ጫፍ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ክር ይታያል። ነቁጥ ማጥፊያውም እንዲሁ ሲበዛ የግንዱን ልጣጭ ሰም ያስመስለዋል። ሁለቱንም ፎቶውን ወደ መቶ በመቶ አሳድጋችሁ ሥሩ። ከኮረብታው ወደ ከተማዋ ስታነሱ በበጋ የሚጋርደውን ጭጋግና አቧራ የሚገፋ ዲሄዝ የሚባል ስላይደር አለ፤ እሱም በጥቂቱ ነው፣ ርቀትን በፎቶ የሚነግረን ራሱ ጭጋጉ ነውና።

ኤዲት የማይሠራውን ማወቅም የትምህርቱ አካል ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የረጠበ ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቀው ነጭ ብርሃን የሰማይ ነጸብራቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ካሜራው ዘንድ አልደረሰም። ያን የሚያነሳው ሌንስ ላይ የሚዞር ፖላራይዘር ፊልተር ነው፤ አለዚያም የቆማችሁበትን ቦታ ትንሽ መቀየር። ከትኩረት የወጣ አበባም እንዲሁ ነው፤ ሻርፕኒንግ ጠርዙን ይስለዋል እንጂ ትኩረት አይሰጠውም። በክረምት ደመና የጋረደው ቀን ደግሞ ኤዲት የሚጠይቀው በጣም ጥቂት ነው። ደመናው ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ጥላው ይለሰልሳል፣ የታጠበው ቅጠል ቀለሙን ይሰጣል። ጀማሪ ዝናብ ነው ብሎ ቤት የሚውልበት ቀን የጉለሌ አረንጓዴ ከሁሉ ይበልጥ የሚነበብበት ነው።

መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ስናፕሲድ ነጻ ነው፤ ላይትሩምም በስልክ ላይ መሠረታዊውን ነገር ያለ ክፍያ ይሠራል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ዳርክቴብልንና ሮውቴራፒን አንዴ ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ክፍያ ይጠቀማል፤ ሮው ፋይልን በደንብ ይከፍታሉ። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ በፍላሽ ከመለመን ይህ ይሻላል፤ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ተያይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በዚያ ላይ ለጀማሪው አያስፈልገውም። የስልካችሁን ገጽ ግን መጀመሪያ አስተካክሉ። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ ሲወጡ ቀለምን የሚያጋንን ቪቪድ ሞድ ላይ ናቸው፤ ናቹራል ወደሚለው መልሱት። ማታ ማታ ገጹን ቢጫ የሚያደርገውን የዓይን መጠበቂያ አጥፉ፤ ብርሃኑንም መካከለኛ ላይ አቁሙ። ቢጫ ገጽ ላይ የተሠራ ፎቶ ጠዋት ሲከፈት ሰማያዊ ነው።

ለልምምድ አንድ ዛፍ ምረጡ። ወይራ ይሁን ጥድ ግድ የለም። በጠዋት፣ በቀትርና ፀሐይ ስትጠልቅ አንሱት፤ ሦስቱን ፎቶ አንድ ዛፍ እስኪመስሉ ድረስ አስተካክሉ። ከሥሩ የወደቀ ቅጠል አንሱና ከኤዲቱ ጎን ጥላ ውስጥ ይዛችሁ አነጻጽሩ፤ ከዛፉ ግን አትቁረጡ። ሥራውን ጨርሳችሁ ወዲያው አትላኩት። ዓይን ሲያዩት የቆየውን ቀለም ይለምደዋል፤ አሳድራችሁ ስትከፍቱት ያጋነናችሁት ቦታ ራሱ ይጠራችኋል። ኦሪጂናሉን ሁልጊዜ ለብቻው አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ የተሻለ ዓይን ይዛችሁ ትመለሱበታላችሁ።

ስታወጡት ኤስአርጂቢ የሚለውን የቀለም ዓይነት ምረጡ፤ አብዛኛው ስልክ በትክክል የሚያነበው እሱን ነው። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና በጥንቃቄ ያወጣችሁት የቅጠል መስመር ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኩት፤ ያን ጊዜ የሠራችሁት ፎቶ ምንም ሳይጎድልበት ይደርሳል።